«አንድም» ብሎ ዝም ያለ ዳኛ

በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት የቆየ ልማድ አለ። መምህሩ ቃሉን በአንድ መንገድ ከተረጐመ በኋላ ሌላ መንገድ ያለ እንደ ሆነ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ያመጣል። ሁለተኛው ትርጓሜ ተከታዩ ጥቂት ስለ ሆነ አይጣልም፤ ከነምክንያቱ ይጠበቃል። ነገር ግን ደቀ መዝሙር ተነሥቶ «አንድም» ካለ በኋላ ምክንያቱን ሳይናገር ቢቀመጥ፥ ጉባኤው በትዕግሥት ይጠብቀዋል እንጂ ትርጓሜ ብሎ አይቈጥርለትም። ከዚህ በታች የሚነገረው ታሪክ በአሜሪካ አገር የሆነ ነው። ነገሩም አንድ ዳኛ «አንድም» ብሎ ዝም ስላለበት ቀን፥ ያን ዝምታም በየግዛቱ ምክር ቤት ቃል ለማድረግ ስለ ደከሙት ስለ ካቶሊካውያን ካህናትና ምእመናን ነው። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ይቈጠራል።

ፍራንሲስ ጋልተን የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ በ1883 ለአንድ አሳብ «ዩጀኒክስ» የሚል ስም አወጣለት። አሳቡም፥ ገበሬ ዘሩን መርጦ እንደሚዘራ፥ ከብት አርቢም ኰርማውን መርጦ እንደሚያራባ፥ የሰው ዘርም እንዲሁ ተመርጦ ይብዛ የሚል ነው። ይህ አሳብ በአሜሪካ ብዙ የተማሩ ወዳጆችን አገኘ። ፕሮፌሰሮች አስተማሩት፥ ሐኪሞች ተቀበሉት፥ ከፕሮቴስታንት ሰባኪዎችም ብዙዎች ከዐውደ ምሕረት ሰበኩት። በዚያ አገር እያንዳንዱ ግዛት የራሱ አገረ ገዥና የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ያለው ነውና፥ በ1907 የኢንዲያና ግዛት ከሁሉ ቀድሞ አእምሮ ደካማ የተባለውን ሰው ያለ ፈቃዱ በሐኪም ቢላዋ መካን ማድረግን የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ከዚያም ሌሎች ተከተሉ፤ ከ30 የሚበልጡ ግዛቶችም ይህን የመሰለ ሕግ በየመዝገባቸው አሰፈሩ። የሕጉ ሰም ሕክምና ነበረ። ወርቁ ግን ሌላ ነበረ፤ እርሱም «ማን ሊወልድ እንደሚገባው መንግሥት ይወስናል» የሚል ነው። ብዙ ሰው ሰሙን አይቶ ወርቁን ሳይመረምር አጨበጨበ።

የቪርጂኒያ ግዛት በ1924 ሕጉን ሲያወጣ፥ ጠንካራ መሆኑ በፍርድ ቤት ይፈተን ዘንድ አንድ ሰው ተፈለገ። የተገኘችውም ኬሪ በክ የምትባል የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ቀድሞ የሚጥል በሽታ ላለባቸውና አእምሮ ደካማ ለተባሉ ሰዎች በተሠራ የመንግሥት መጠለያ ገብታ ነበረ። ልጅቱን በሕፃንነቷ ሌላ ቤተ ሰብ ወስዶ አሳደጋት፤ በትምህርት ቤት ደኅና ተማሪ ስትሆን የቤት ሥራ ትሠራ ዘንድ ከስድስተኛ ክፍል አስወጧት። በ17 ዓመቷ ፀነሰች። ኋላ እንደ ተናገረችው የአሳዳጊዎቿ ዘመድ የሆነ ወጣት በግድ ደፍሯት ነው። አሳዳጊዎቿ ግን እርሷን አእምሮ ደካማና ምግባረ ብልሹ አሰኝተው እናቷ ወዳለችበት መጠለያ አስገቧት። የወለደቻትም ልጅ ቪቪያን ከእርሷ ተለይታ በዚያው በአሳዳጊዎቹ ቤት ቀረች። የተበደለችው እንደ በዳይ ተቈጠረች፤ የበደሏንም ማስረጃ ሕግ የደሟ ማስረጃ አድርጎ ያዘው።

ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል ይላል አገር። በኬሪ በክ ነገር ግን የሚናገርላት አልነበረም። ለእርሷ የቆመው ጠበቃ ቀድሞ የዚያው መጠለያ የቦርድ አባል የነበረና ሕጉን ያረቀቀው ሰው ወዳጅ ነበረ። እርሱም አንድ ምስክር እንኳ አላቀረበላትም፤ ያስተማሯት መምህራን ተጠርተው ስለ ትምህርቷ አልተጠየቁም። በተቃራኒው ወገን ግን ሐሪ ላፍሊን የሚባል የዩጀኒክስ ዐዋቂ ኬሪን በዐይኑ ሳያያት ስለ ዘሯ ክፋት በጽሑፍ መሰከረ። አንዲት የበጎ አድራጎት ሠራተኛም የስምንት ወር ገደማ የሆነችውን ሕፃን ጠቅሳ አተያይዋ እንደ ሌሎች ልጆች አይደለም ስትል ተናገረች። ከዚህ በኋላ አያት፥ እናትና ልጅ ሦስቱም አእምሮ ደካሞች ናቸው ተባለ።

ነገሩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት እያለ በዋሽንግተን ካለው ከአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በግንቦት 2 ቀን 1927 ፍርዱ ተነገረ። የጻፈው ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ነው፤ ዕድሜው 86፥ በወጣትነቱ በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ሦስት ጊዜ የቈሰለ፥ በዕውቀቱና በቋንቋው ውበት አገር ሁሉ የሚያከብረው ሽማግሌ ነበረ። የፍርዱ ጽሑፍ ከሦስት ገጽ ብዙም አይበልጥም። አገር ከምርጥ ዜጎቿ ሕይወታቸውን እስከ መጠየቅ ከደረሰች፥ ከደካሞቹ ከዚያ ያነሰ መሥዋዕት መጠየቋ አያስደንቅም አለ። ሰውን በግድ የፈንጣጣ ክትባት ለማስከተብ የሚበቃ ሥልጣንም ይህን ለማድረግ ይበቃል አለ። በመጨረሻም ከአንድ ቤት ሦስት አእምሮ ደካማ ትውልድ መውጣቱ በቂ ነው በሚል ቃል ደመደመ። ስምንት ዳኞች ተስማሙ።

ዘጠነኛው ዳኛ ፒርስ በትለር ይባላል። ከአየርላንድ በስደት ከመጡ ወላጆች በሚኔሶታ ግዛት በ1866 የተወለደ፥ ከ1923 ጀምሮ በዚያ ወንበር የተቀመጠ፥ በዚያን ጊዜም ከዘጠኙ ዳኞች መካከል ካቶሊካዊ እርሱ ብቻ ነበረ። እርሱ አልተስማማም። ነገር ግን ለምን እንዳልተስማማ አንድ መስመር አልጻፈም። በፍርዱ መጨረሻ አለመስማማቱን የምታስታውቅ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ብቻ ቀረች። «አንድም» አለ፤ ዝምም አለ።

ምክንያቱን ስላልጻፈም ሰው ሁሉ በየበኩሉ ገመተለት። አንዳንዱ ሃይማኖቱ ይዞት ነው አለ፤ አንዳንዱ በመንግሥት ሥልጣን ወሰን ላይ በነበረው አሳብ ነው አለ። ሕጉን የሚወዱ ሰዎች ግን ጥቅም አገኙበት፤ ተቃውሞው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው እንጂ ለሁሉ የሚሆን ምክንያት የለውም ለማለት ተመቻቸው። ቢጽፍ ኖሮ ድምፁ ከአንድ አይበልጥም ነበር፤ ፍርዱም ያው ነበር። ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ሁሉ የሚይዘው ቃል፥ ሕግ ተማሪ የሚያነበው፥ የምክር ቤት ሰው የሚጠቅሰው ነገር ባገኘ ነበር። ብቻውን የቆመ ሰው ድፍረት የሚያስከብር ነው፤ የበትለርንም ድፍረት ማንም ሊክድ አይገባም። ሆኖም ስምንቱ በሦስት ገጽ ስሕተትን ሲያስተምሩ እውነት ያለ አንድ ገጽ ቀረች።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ኬሪ በክ በቢላዋ መካን ተደረገች። ታናሽ እህቷም በሚከተለው ዓመት እንዲሁ ተደረገባት፤ ለእርሷ ግን የተነገራት የትርፍ አንጀት ሕክምና ነው ተብሎ ነበር። ካገባች በኋላ ልጅ ለምን እንዳልወለደች ሳታውቅ አዘነች፤ እውነቱን የሰማችው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። ሦስተኛው ደካማ ትውልድ የተባለችው ሕፃን ቪቪያን ትምህርት ቤት ገብታ ስሟ በጐበዝ ተማሪዎች መዝገብ ተጻፈ፤ በ1932 በስምንት ዓመቷ ታማ ሞተች። ኬሪ ራሷ እስከ 1983 ኖረች። በእርጅናዋ ያገኟት ሰዎች ጋዜጣ የምታነብ፥ ነገር የምትለይ ጤነኛ ሴት ሆና አገኟት። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሦስት ትውልድ ከነጭራሹ አልነበረም።

እንግዲህ ካቶሊካውያን ምን አደረጉ? እውነቱ እንዲነገር፥ ከመጀመሪያው አንድ ቃል አልነበራቸውም። በ1910 አካባቢ የእነርሱ የሥነ ምግባር ሊቃውንት በላቲን ሳይቀር በዚህ ነገር ተከራክረዋል፤ ይፈቀድ ይሆናል ያለም ነበረ። ጆን ራያን የሚባለው ካህን፥ በዋሽንግተን በካቶሊካውያን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው፥ ከባልንጀራው ከካህኑ ከጆን ኩፐር ጋር በአሜሪካ የዩጀኒክስ ማኅበር ውስጥ በአማካሪነት ስሙ ተጽፎ ነበረ። ነገሩን ከውስጥ ሆነን እናቀናዋለን ብለው አስበው ነበር። የማኅበሩ መንገድ ወዴት እንደሚሄድ በተገለጠ ጊዜ ግን ሁለቱም ወጡ። ሰው ከተሳሳተበት ማኅበር መውጣቱ ቀላል ይመስላል፤ የሊቃውንትን ወዳጅነትና የዘመናዊነትን ስም ጥሎ መውጣት ግን ለተማረ ሰው ቀላል አይደለም።

ራያን ቀድሞ በ1906 ስለ ሠራተኛ ደመወዝ መጽሐፍ ጽፎ፥ ሠራተኛ ራሱንና ቤተ ሰቡን የሚያኖርበት ዋጋ ይገባዋል ሲል ያስተማረ ሰው ነው። የዩጀኒክስ ሰዎች ድህነት ከደም ይመጣል ሲሉ፥ የእርሱ ትምህርት ድህነት ከደመወዝ ማነስ ይመጣል የሚል ነበረ። ስለዚህ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርድ ዘመን እርሱ ዝም አላለም። ሰውን መካን ስለ ማድረግ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ፥ ሰው የመንግሥት መሣሪያ እንዳልሆነ ምክንያቱን ዘርዝሮ አሳየ። የበትለር ዝምታ የጐደለውን ገጽ አንድ ካህን ጻፈው ማለት ይቻላል። በታኅሣሥ 31 ቀን 1930 ደግሞ የሮሜው ጳጳስ ፒዮስ 11ኛ ስለ ጋብቻ በላኩት መልእክት፥ ምንም ወንጀል ባልሠራ ሰው አካል ላይ ገዦች በቀጥታ ሥልጣን እንደሌላቸው፥ ቤተ ሰብም ከመንግሥት ይልቅ የተቀደሰ እንደ ሆነ ገለጡ። ከዚያ ወዲህ በካቶሊካውያን ዘንድ ክርክሩ ተዘጋ።

ነገር ግን መልእክት በሮሜ ቢጻፍ ሕግ የሚወጣው በየግዛቱ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ሥራው ወደዚያ ወረደ። በሉዊዚያና ግዛት ከ1924 ጀምሮ ረቂቁ ደጋግሞ ቀረበ፤ የኒው ኦርሊንስ ሊቀ ጳጳስና ምእመናኑ በቀረበ ቁጥር ተነሡበት፥ ደብዳቤ ጻፉ፥ ከምክር ቤቱ ሰዎች ጋር ተነጋገሩ፤ ሕጉም በዚያ ግዛት ከቶ ሳይወጣ ቀረ። ሉዊዚያና ካቶሊካውያን የበዙባት ናትና ይህ አያስደንቅ ይሆናል። የሚያስደንቀው አላባማ ነው፤ በዚያ ካቶሊካውያን ጥቂቶች ነበሩ። በ1935 ምክር ቤቱ በግዛቱ የነበረውን ጠባብ ሕግ ሊያሰፋ በተነሣ ጊዜ እነዚያ ጥቂቶች ተከራከሩ፤ አገረ ገዥው ቢብ ግሬቭስም የሕጉ ጉዳይ ካሳሰባቸው ሰዎች ምክር ተቀብሎ አልፈርምም አለ። በዚያ ስፍራ ቁጥር አልነበረም፤ የሠራው ምክንያት ነበረ።

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ሃይማኖት አለ፤ የአንዱ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሁሉ ሕግ እንዲሆን መጣር ተገቢ ነውን? የዚያን ዘመን ተቃዋሚዎች ሮሜ አገራችንን ልትገዛ ነው እያሉ ይጮኹ ነበር። ለዚህ የሚሆነው መልስ ከክርክሩ አኳኋን ይገኛል። ካቶሊካውያኑ በምክር ቤት ፊት ቀኖናቸውን ብቻ አላነበቡም። የዘር ውርስ ዕውቀት ገና ያልጸና መሆኑን፥ ቢላዋው የሚያርፈው ሁልጊዜ በድኃ ላይ እንጂ በባለጸጋ ልጅ ላይ አለመሆኑን፥ የአካል ባለቤትነት አንድ ጊዜ ለመንግሥት ከተሰጠ ወዴት እንደሚያደርስ የሚያውቅ አለመኖሩን ተናገሩ። ይህን ለመረዳት ካቶሊካዊ መሆን አያስፈልግም። በሃይማኖት ነገር ከሮሜ ጋር ያለው ልዩነት ለዚህ ገጽ አንባቢ የታወቀ ነው፤ እውነተኛ ምክንያት ግን ከማን አፍ እንደ ወጣ ሳይሆን በራሱ ሚዛን ይመዘናል።

ያልታወቀውም መድረሻ ብዙ ሳይቆይ ታወቀ። በጀርመን አገር የሂትለር መንግሥት በሐምሌ 14 ቀን 1933 ተመሳሳይ ሕግ ወሰነ። ከሮሜ ጋር የሚፈረመው የስምምነት ውል እንዳይበላሽ የሕጉ መታወጅ ውሉ በሐምሌ 20 እስኪፈረም ድረስ ዘገየ፤ ከዚያ በኋላ ወጣ። በዚህ ሕግ 400,000 ያህል ሰዎች መካን ተደረጉ። ኬሪን ሳያያት የመሰከረባት ያ ላፍሊን ለአርአያ የጻፈው ረቂቅ በጀርመኖች ዘንድ የታወቀ ነበርና፥ በ1936 የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የክብር ማዕርግ ሰጠው። ከመካንነት ወደ ሞት መንገዱ አጭር ነበር፤ ከ1940 ጀምሮ እስከ 1941 ነሐሴ ድረስ 70,000 ያህል ሕሙማንና ስንኩላን በመርዝ ጢስ ተገደሉ። በነሐሴ 3 ቀን 1941 የሙንስተሩ ጳጳስ ክሌመንስ ፎን ጋለን ከዐውደ ምሕረት ተነሥተው ነገሩን በግልጥ ግድያ ብለው ጠሩት፤ የማይሠራ ሰው ይገደል ከተባለ፥ ከጦርነት ቈስሎ የሚመለሰውም ወታደር የሚያርጀውም ሽማግሌ ሁሉ ተራው ይደርሰዋል ብለው አስረዱ። ስብከቱ በእጅ እየተገለበጠ በአገሩ ተበተነ። በዚያው ወር በጢስ መግደሉ እንዲቆም ታዘዘ። ክፋቱ ፈጽሞ አልቆመም፤ በረኀብና በመድኃኒት በስውር ቀጠለ። ነገር ግን ምክንያቱን በሰው ፊት የተናገረ አንድ ቃል ስንት ኀይል እንዳለው ታየ። ከጦርነቱም በኋላ በኑረምበርግ ለተከሰሱት የጀርመን ሐኪሞች የቆሙ ጠበቆች፥ ይህማ በአሜሪካም ተፈቅዷል እያሉ የሆምስን ፍርድ አቀረቡ። ዳኛው ለቪርጂኒያ የጻፈው ገጽ ባሕር ተሻግሮ ለነፍሰ ገዳይ መከላከያ ሆነ።

በአሜሪካም ነገሩ ቀስ በቀስ ተቀየረ። በ1942 የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኦክላሆማን ሕግ ሻረ፤ በዚያ ሕግ ዶሮ ደጋግሞ የሰረቀ ሰው መካን ሲደረግ፥ የተሾመበትን ገንዘብ የበላ ሹም ግን ከቅጣቱ ነጻ ነበር። የቪርጂኒያ ሕግ በ1974 ተሰረዘ። በግንቦት 2 ቀን 2002፥ ፍርዱ ከተነገረ 75 ዓመት በሞላበት ቀን፥ አገረ ገዥው ማርክ ዋርነር ስለ ግዛቱ ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2015ም በሕይወት ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው 25,000 ዶላር ካሣ እንዲሰጥ ተወሰነ። በመላው አገር መካን የተደረጉት ከ60,000 ይበልጣሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ካሣውን ሳያዩ ሞተዋል። የ1927ቱ ፍርድ ግን እስከ ዛሬ በስሙ ተጠርቶ አልተሻረም።

ዛሬም በብዙ ግዛቶች ጳጳሳቱ በኅብረት ያቆሙት ጽሕፈት ቤት በምክር ቤቱ አጠገብ አለ። የኦሪገን ሕዝብ በ1994 ሐኪም ለሞት ቅርብ ለሆነ በሽተኛ የሚሞትበትን መድኃኒት እንዲያዝለት በጠባብ ድምፅ ፈቀደ፤ ካቶሊካውያን ሕጉ እንዲሰረዝ በ1997 ቢሞክሩ ሕዝቡ በሰፊ ድምፅ እምቢ አላቸው። በኔብራስካ በ2015 ምክር ቤቱ የሞት ቅጣትን ሲሽር ጳጳሳቱ ደግፈው ነበር፤ በሚከተለው ዓመት ግን ሕዝቡ በድምፁ ቅጣቱን መለሰው። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፅንስን ማስወረድ ነገር ወደየግዛቱ ከመለሰው ወዲህ ክርክሩ በየምክር ቤቱ በዝቷል። አንዳንዴ ያሸንፋሉ፥ ብዙ ጊዜም ይሸነፋሉ። ሚዛናቸው ግን አሁንም ያቺው ልጅ ናት። ላልተወለደው የሚከራከር፥ ተደፍራ ለፀነሰችው፥ ከትምህርት ቤት ለወጣችው፥ ጠበቃ ላጣችው ካልተከራከረ ቃሉ ግማሽ ነው። ኬሪ በክ ስትፀንስ ከቤቱ ያላስወጣት አንድ ሰው ብታገኝ፥ ስሟ በፍርድ መጽሐፍ ባልተጻፈ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላል የአገራችን ሰው። እውነት ነው፤ ከአፍ ያልወጣ ቃል አያስነቅፍም፥ ፍርድም አያመጣም። ነገር ግን እህል የሚጠበቀው ለመብላት ብቻ አይደለም፤ ለዘርም ነው። ዝም ባይነቅዝም አይበቅልም። ፒርስ በትለር በ1939 ሞተ፤ በትክክል የፈረደበትን የዚያን ቀን ምክንያት ይዞት ሄደ። ኬሪ በክ በተወለደችበት ከተማ በቻርለትስቪል ተቀብራለች፤ ሦስተኛ ትውልድ የተባለችው ልጇም በዚያው መካነ መቃብር አለች። በሕይወት ያለያያቸው ፍርድ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ በግርጌውም ያቺ አጭር ዐረፍተ ነገር «አንድም» ብላ ትርጓሜዋን እንደ ጠበቀች ናት።